ቀዩ የመንጋጋ ጥግ

ውድ ወንድሜ ዛህሪን፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመሃል? እዚህ ፔናንግ ሁላችንም ደህና ነን።

ሥራዬ ያው ነው። የማሽኑ ሌዘር የራጁን ምስል ፈሳሹ ሙጫ ላይ ሲስል የነካው ይደርቃል፤ ስስ ንብርብር በንብርብር ላይ እየተደረበ የበሽተኛው አጥንት ቅርጽ ይወጣል፤ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ያዩታል። ሌዘሩ ሁለቴ የመታው ቦታ ቀይ ይሆናል፤ ዕጢው እሱ ነው።

ትናንት ስም ያልተጻፈበት የመንጋጋ ቅርጽ አጠብኩ። የፊት ጥርሶቹ ልክ እንደ እማዬ ተደራርበዋል። ጥጉ ላይ ያለውን ቀይ ደጋግሜ ስፈትገው አለቃዬ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቀዩ እኮ ውስጡ ነው፤ ብትፈትጊውም አይለቅም!» ብሎ ሳቀብኝ።

እማዬ ጥርሴን አሞኝ ነው ብላ የሩዝ አጥሚት ብቻ ትጠጣለች። «ልጄን በፈተናው ሰሞን እንዳታስጨንቂው» ስላለችኝ ከላይ ደህና ነን ብዬ ጽፌልሃለሁ። ኢድን ሳትጠብቅ ብትመጣ ምን አለበት? አላህ ዓይንህን ለማየት ያብቃት።

እህትህ ሱርያኒ