ሚስትህን ለምን እንዳጠቆርኳት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ለእኔ መቼም ትልቅ ሰው ለማትሆነው፤

እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ አሁንም ደረጃ ላይ ያስቸግራታል? ዓይኗስ? አጎታችንን ያ ሳል ለቀቀው ወይስ እንደ ልማዱ ሐኪሙን እየሸወደ ነው? ሚስትህስ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁና ዛሬ ከምናዘዝልህ ነገር በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ ላይ፣ አትሜ ስለላክሁላችሁ ፎቶ "ሚስቴን ምን አጠቆራት?" ብለህ ስትጠይቀኝ ማተሚያው ነው ብዬህ ነበር። ዋሸሁህ። ማተሚያው ምንም አላጠፋም፤ ያጠቆርኳት እኔ ነኝ። እማዬ ፎቶውን እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ከሰቀለችው ወዲህ ሚስትህ አንገቷን ደፍታ እንደምታልፍ፣ አንድ ቀንም "እህትህ ጠልታኝ ነው እንዴ?" እንዳለችህ ከነገርከኝ ጀምሮ እህል አልበላ ብሎኛል። ስለዚህ ሳትቆጣ ስማኝ።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ ሰዎች ቤታቸውን፣ ሰርጋቸውን አንስተው ያመጡልናል፣ እኔ ከሱቁ ጀርባ ኮምፒውተር ላይ አስተካክዬ አትማለሁ። ካሜራ እንደ ሰው ዓይን አይደለም። በመስኮቱ ብርሃን ልክ ካነሳህ የክፍሉ ጥግ ይጨልማል፣ በጥጉ ልክ ካነሳህ መስኮቱ ነጭ ጨርቅ ይመስላል። ካሜራውን ሳታነቃንቅ ሦስቴ አንሳ ያልኩህ ለዚህ ነበር፤ አንዱን ለመስኮቱ፣ አንዱን ለመሃሉ፣ አንዱን ለጥጉ። ሦስቱ ሲዋሃዱ ግን ብርሃኑ ወረቀት ከሚችለው በላይ ስለሚሆን የግድ መጨመቅ አለበት። ሁሉንም በአንድ ልክ ብትጨምቀው አድልዎ የለበትም፣ ግን ፎቶው ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሸሚዝ ይወይባል። እኔ የምወደው ሌላውን መንገድ ነው፤ እያንዳንዱን ቦታ ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየሁ የጨለመውን ለብቻው ከፍ፣ የበራውን ለብቻው ዝቅ አደርጋለሁ። በዚህ መንገድ ማን ደምቆ እንደሚታይ የምወስነው እኔ ነኝ። ጥፋቱም የመጣው ከዚህ ነው።

ፎቶዎቹ የደረሱኝ ቀን ከእማዬ ጋር አውርተን ነበር። የዓይኗን ጠብታ ማን እንደሚያደርግላት ስጠይቃት "የልጄ እጅ እንዴት ቀላል መሰለሽ፣ ዓይኔን እንኳ አላርገበግብም" አለችኝ። ልጄ ያለችው ሚስትህን ነው። እርር ድብን አልኩ! አንተ ስታደርግላት ጠብታው ጆሮዋ ውስጥ ነበር የሚገባው፤ ዓይኗን ሳትጨፍን የምትታገሰው እኔን ብቻ ነበር። ስልኩን ዘግቼ መሃለኛውን ፎቶ ስከፍት ደግሞ ምን ልይ? እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ከጎኗ፣ ክንዱ የተሰበረው ወንበሬ ባለበት ቦታ፣ የሚስትህ ጥቁር ጥላ ይታያል። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ! ቀናሁ፣ ወንድሜ። ሌላ ስም አላወጣለትም፣ ቀናሁ። ለጥጉ የተነሳውን ሦስተኛውን ፎቶ ከነጭራሹ ሳልከፍተው በሁለቱ ብቻ ሠራሁት። የእማዬን ፊት አፈካሁት፣ የመስኮቱን መጋረጃ እንኳ ሳይቀር አሳመርኩት፤ ሚስትህን ግን እዚያው ጥጉ ውስጥ ተውኳት። የሱቁ ባለቤት በጀርባዬ ሲያልፍ ቆም ብሎ "ይቺ ልጅ ምን በደለችሽ?" አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ ደንበኛው የፈለገው እንዲህ ነው አልኩት።

አንተ ከደወልክልኝ በኋላ፣ ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሦስተኛውን ከፈትኩት። መስኮቱ ነጭ ሆኖ እማዬ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም፤ ጥጉ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሚስትህ ወንበሬ ላይ አልተቀመጠችም። ከአጠገቡ ስለተንበረከከች ነው የተቀመጠች የመሰለችኝ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ትቼው የመጣሁት አረንጓዴ ሹራብ ታጥፎ ተቀምጦበታል፣ እሷም እንዳይወድቅ በእጇ ይዛዋለች። አንተ ጅል፣ ይህንን ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር? እሷን አጨልማለሁ ብዬ የራሴንም ቦታ አብሬ አጨለምኩት። የሱቁ ባለቤት ሳለቅስ እንዳያየኝ ወረቀት ላመጣ ብዬ ዕቃ ቤት ገባሁ።

አዲሱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ የድሮውን አውርዱት። ሚስትህን ለብቻዋ ከጨለማው ስላወጣኋት እንደ እማዬ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ ትንሽ ስላበዛሁት ግን በራሷ ዙሪያ ፈዘዝ ያለ የብርሃን ቀለበት ቀርቷል። በእኛ ሥራ ይህ ስህተት ነው፣ ባለቤቱም አጥፊው ብሎኛል። አላጠፋሁትም፤ ይገባታል። ደግሞ እህቴን ቅናቱ ለቀቃት ብለህ እንዳትሳሳት፣ አሁንም እቀናለሁ። የጠብታው ነገር በተለይ ከሆዴ አልወጣም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አጎታችንን መድኃኒቱን አበባው ላይ መድፋቱን እንደማውቅ ንገረውና አቅፈህ ሳመው። ሚስትህን ይቅር በይኝ ብላሻለች በላት። ወለሉ ላይ አትንበርከክ፣ ወንበሩ ላይ ትቀመጥበት፤ ሹራቡንም ከበረዳት ትልበሰው። እስክመጣ ድረስ ግን ነው።

እህትህ
ከሱቁ የኋላ ክፍል
ሚያዝያ 9 ቀን