ባዶውን የመለስኩት ሳህን

ሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዛሬም አባዬ ገንፎውን ትቶት ተነሳ። ሁለቴ ቀመሰና «ይብቃኝ» አለ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ሳህኑን አነሳሁ። ሐኪሙ «የአባትሽ ደም ግፊት ከፍ ብሏል፣ ጨውና ቅቤ ይቁም» ካለኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ምናለ በጋ ቢሆን! በዚህ ብርድ አባዬ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ የገብስ ገንፎ፣ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሞላበት።

እስካሁን የሞከርኩት፦ ገንፎ ያለ ጨው፣ ዘይት ጠብ አድርጌ። የአጃ አጥሚት። ዱባ ወጥ፣ ነጭ ሽንኩርት በዛ ያለበት። ሁሉም ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ።

እጁ ወደኛ እንዳይሄድ የእሱን ለብቻ በሳህን አቀርባለሁ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከትሪያችን እንበላለን። ሱሪው እየሰፋው ነው። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ 23

ከቢሮ አስፈቅጄ፣ ከቦሌ በአውቶቡስ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ነበር። ጥሩ የገብስ ዱቄት ግን አገኘሁ።

ስመለስ አባዬ የለም። ልጄ «ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ወጣ» አለችኝ። በሐምሌ! ፀሐይ ከየት መጥታ? ሲገባ ፊቱ ወዝ ብሏል። ራት «አልራበኝም» አለ። ጠረጠርኩ።

ሐሙስ 25

አገኘሁት። አልጋው ስር፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ጎድጓዳ ሳህን። የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ነው። የገንፎ ርዝራዥ አለበት፣ ታቹ ደግሞ ያብለጨልጫል። ቅቤ! ደሜ ፈላ። እኔ እሱን ለማዳን ደፋ ቀና ስል፣ እሳቸው ከጀርባዬ ቅቤ ያጠጡታል።

ሳህኑን አጥቤ ወጣሁ። ቀበሌ ሱቅ፣ የስኳር ወረፋ ላይ አገኘኋቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሟል። «እትዬ፣ አባቴን ሊገድሉብኝ ነው? ሐኪም የከለከለውን በድብቅ የሚያበሉት ምን አስቀይመንዎት ነው?» አልኩና ሳህኑን ባዶውን አስጨበጥኳቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት በመሀላችን ባዶ ሳህን ሄዶ አያውቅም። ቢጠፋ ቢጠፋ እፍኝ ቆሎ ወይም ሁለት ድንች አይታጣበትም።

እትዬ ዘነበች ሳህኑን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት። ከዚያ ስኳራቸውን ሳይወስዱ ከወረፋው ወጥተው ሄዱ።

እውነቱን ልጻፍና፣ ያኔ ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

አርብ 26

ጠዋት ለአባዬ እንደ ጀግና ነገርኩት።

«ከየት የመጣ ቅቤ? ተልባ እኮ ነው» አለ።

እትዬ ዘነበችም ግፊት አለባቸው ለካ። ጨው ከተዉ ቆይተዋል። ተልባውን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በገንፎው ላይ ያደርጉታል። አባዬ ሰሞኑን በየቀኑ እየሄደ አብሯቸው ይበላ ነበር። ረቡዕ ዝናቡ ስላላስወጣው በሳህን ላኩለት።

ረቡዕ! እትዬ ዘነበች በጾም ቀን ቅቤ ሊነኩ? ሰፈሩ የሚያውቀውን እኔ እንዴት ረሳሁት? ሳህኑን ከማጠቤ በፊት በጣቴ ብቀምሰው ምን ነበረበት?

«የእኔም ጨው የለውም፣ ታዲያ ለምን ትተወዋለህ?» አልኩት።

«እዚያ ከአንድ ገበታ ነው። ታጎርሰኛለች፣ አጎርሳታለሁ። እዚህ ለእስረኛ ስንቅ እንደሚያቀብሉት ለብቻዬ ታስቀምጪልኛለሽ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። የዘንድሮ ግድግዳ ጆሮ አለው።

ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ በጽሕፈት መኪናው የጻፍኩትን ስሰርዝ ዋልኩ።

ቅዳሜ 27

መድኃኔዓለም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። እትዬ ዘነበችን ከሴቶቹ መሀል አየኋቸው። ጠጋ ስል ፊታቸውን አዞሩ። በዝናብ ብቻዬን ተመለስኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ በተልባም አይታሽም። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

እሁድ 28

ጠዋት ለሁላችንም አንድ ገንፎ አገነፋሁ። ጨው የለ፣ ቅቤ የለ፣ ተልባ ብቻ። ትሪው ላይ አወጣሁትና አባዬን መሀላችን አስቀመጥነው። ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። ባለቤቴ «ፍልሰታ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። አባዬ አጎረሰኝ። ከዚያ የራሱን በኩል ጨርሶ ወደ ልጆቹ በኩል ተሻገረ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስራብኩት እኔ ነኝ።

የቀረውን ገንፎ በእኛ ሳህን አድርጌ፣ ከድርሻችንም ስኳር ቋጥሬ፣ እትዬ ዘነበች ደጃፍ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ወረፋው ላይም፣ ሰው ፊት እደግመዋለሁ።»

ሳህኑን ተቀበሉኝ። ግቢ አላሉኝም።

«አባትሽ በላ?»

«በላ።»

«ደግ» አሉና በሩን ዘጉ።

እስኪመሽ ሳህናችንን ጠበቅኩ። አልመጣም። ለአባዬ «ይቅር አላሉኝም» አልኩት።

«ሳህኑን የምትሞላበት ነገር እስክታገኝ ነው» አለኝ። «እሷ እንዳንቺ ባዶውን አትመልስም።»