ተደብቀን የበላንባቸው ቀናት

ይድረስ ለጥሩዬ፣

ሙት ዓመትሽ ካለፈ አራት ወር ሆነ። ደብረ ታቦር እንደምታውቂያት ናት፤ ይበርዳል፣ ባጃጄም እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ካልተገፋ አይነሳም። ሰው ሲጠይቀኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ላንቺ ግን አልዋሽም፤ ቤቱ ጭር ብሎብኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ቤዛ ነው። ልጃችን ሦስት ዓመት ሞላት። አንቺ ስትሄጂ፣ ከተወለደች ጀምሮ ምግብ አላሳልፍ ያላትን ጉሮሮዋን ገና ኦፕሬሽን መደረጓ ነበር። ድናለች፣ ትበላለች ተብለን ብንጠብቅ ብንጠብቅ፣ ምግብ የሚገባላት ሆዷ ላይ በተተከለው ቱቦ ብቻ ሆኖ ቀረ። ማንኪያ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። እናትሽ አንድ ቀን ጨነቃቸውና አፏን በግድ ከፍተው ገንፎ ቢያጎርሷት ትን ብሏት ልናጣት ነበር። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ፈሩ፣ እኔም ፈራሁ። ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ በቱቦና በስሪንጅ ልትኖር ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ለክትትል ስወስዳት አንዲት ነርስ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምንበላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ፣ ልጅቷ እያየች አንበላም ብዬ በኩራት ነገርኳት። ትዝ ይልሻል? መብላት የማይችል ሕፃን ፊት መብላት ግፍ ነው ብለሽ የጓዳውን በር ዘግተን ነበር የምንበላው። አንዴ እሷ ስትተኛ ሁለታችንም ገብተን እንደ ሌባ ቶሎ ቶሎ ስንጎርስ፣ ሳቅሽ መጥቶ አፍሽን በነጠላሽ አፈንሽ። የተዝካርሽ ዕለት እንኳ ድግሱን እንዳታይ ጎረቤት አስቀመጥናት። እናትሽ ያንቺን ደንብ ጠብቀው ጓዳ ይበሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሽሮ ቤት ጎርሼ እገባ ነበር።

ነርሷ አልተቆጣችኝም። መዋጥ ትችላለች፣ ግን ሰው ሲበላ አይታ የማታውቅ ልጅ ምግብ ምን እንደሆነ በምን ታውቃለች አለችኝ። በግድ እንዳላጎርሳት፣ ይልቅ አጠገቧ ተቀምጬ እንድበላ፣ ብትነካው ብታበላሸው ዝም እንድላት መከረችኝ። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አንቺን መውቀሴ አይደለም፤ ሁለታችንም ስለምንወዳት ነው ያጠፋነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ድንች ቀቅዬ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጥሩዬ፣ ካንቺ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስበላ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ አፍ አፌን ታያለች፣ እኔን ግን ድንቹ አልወርድልህ አለኝ። መዋጥ ላስተምር ተቀምጬ እኔው መዋጥ አቃተኝ።

ቢሆንም በየቀኑ ሥራ አቋርጬ እየመጣሁ ተቀመጥኩ። ከሳምንት በኋላ ድንቹን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ጉንጯን ቀባችበት፣ የኔንም ጢም ቀባችው። ላሰች፣ ተፋች። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ዞር ብላም አታየው። ነርሷ በነገረችኝ መጠን በቱቦ የሚገባውን ወተት ትንሽ ትንሽ ስንቀንስ ግን ረሃብ የሚባለውን አወቀች መሰለኝ። አንድ እሑድ፣ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ፣ ከፊቴ ቁራሽ አነሳች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ደግማ አነሳች። ዘልዬ ተነስቼ አንቺን ልጠራ ወደ ጓዳው ሮጥኩ። በሩን ከፍቼ ነው ትዝ ያለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩና ከልጄ ጋር በላሁ።

ባለፈው ሳምንት ቱቦው ወጣላት። እናትሽ እልልታቸውን አቀለጡት፣ ጎረቤቱም ደስ አለው። የኔ ደስታ ግን ጎዶሎ ነው፤ ምሥራቹን ልነግረው የምፈልገው ሰው አንቺ ነበርሽ።

አሁን የሚያስፈራኝ አንቺን አለማስታወሷ ነው። የወተቱን ሙቀት በክንድሽ እየሞከርሽ፣ ስሪንጁን ከፍ አድርገሽ ይዘሽ እስኪወርድላት የቆምሽውን መቆም አታውቀውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም። ሆዷ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። አድጋ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ እናትሽ ታጎርስሽ የነበረው በዚህ በኩል ነው እላታለሁ።