ሠላሳ ሰባተኛው ሰው

ሰኞ

ሠላሳ ስድስት ናቸው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሠላሳ ስድስት። ወረቀቴ ግን ሠላሳ ሰባት ይላል፤ ምልክቱን ያደረግኩት ራሴ ነኝ።

ከሰቆጣ ወጥተን የደረስንበት የመጀመሪያው መንደር ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ በላይኛው፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ የኽምራን ሕዝብ የሚወክለው ሰው እንደ ዱሮው በክልሉ ምክር ቤት ይመረጥ ወይስ ሕዝቡ ራሱ ይምረጠው? ለሕጉ ማሻሻያ ከየመንደሩ ሐሳብ እንሰበስባለን። ከየቤቱ አንድ ሰው ተመዝግቧል፤ የቀረው ዳር ሆኖ ያያል። እኔ ስም እጠራለሁ፣ «አለሁ» ሲሉ ምልክት አደርጋለሁ፣ ስልኬ ይቀዳል። አስተርጓሚዬ መምህር ኪሮስ የአገሩ ልጅ ነው፤ እኔ ጎጃሜዋ የአገሩን ቋንቋ፣ ኽምጣንጋን፣ ከሰላምታ በላይ አላውቅም።

ዛሬ ስም ጠርተን፣ ጥያቄውን አስረድተን ተመለስን። እጅ የሚያወጡት ረቡዕ ነው።

ፀሐዩ አናቴን መትቶኝ ይሆናል። ሌላ ምን ልበል።

ማክሰኞ

ቢሮ ቁጭ ብዬ ቅጂውን ሰማሁ፣ ጣቴን በየስሙ ላይ እያስኬድኩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ «ሲሳይ» ብዬ እጠራለሁ። ትንሽ ዝምታ። ከዚያ የወንድ ድምፅ፦ «አለሁ»። ጥርት ያለ። ከሁሉም ይልቅ ለስልኩ የቀረበ።

ኪሮስን «ሲሳይ የትኛው ነው?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ሲሳይ የእማማ ጥሩ ልጅ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ፤ ጀልባ ተሳፈረ ከተባለ ወዲህ ወሬው የለም። ቤቱ በስሙ እንደተመዘገበ ቀርቷል።

«ታዲያ አለሁ ያለው ማን ነው?»

«እናቱ ይሆናሉ» አለ። አሰማሁት። ከዚያ በኋላ እናቱ ይሆናሉ አላለም።

ረቡዕ

የዛሬ ቂልነቴን ልጻፈው። ከምንሰበሰብበት ዛፍ ሥር ያለው የድንጋይ መቀመጫ ሞልቷል፤ የተረፈው ቆሟል። መሃል ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ አየሁና ሄጄ ዘጭ አልኩ። ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ሽማግሌው አያ ወልዱ ክንዴን ይዘው ቀስ አድርገው አስነሱኝ።

«ሰው አለበት፣ ልጄዋ።»

ጥላ ነው፣ ጠዋት ነው። ድንጋዩ ግን ሰው አሁን የተነሣበት ያህል ይሞቅ ነበር።

እጅ አስወጣን። ሕዝቡ ይምረጥ፦ አሥራ ስምንት። እንደ ዱሮው ይሁን፦ አሥራ ስምንት። እኩል! ያኔ ከተመልካቾቹ መሃል እማማ ጥሩ ተነሡ። ሲሳይ ሕዝቡ ይምረጥ ነው የሚለው፣ ሳይሄድም ይህንኑ ይል ነበር አሉ። አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስምንት።

እንደ ዱሮው ይሁን የሚሉትን የሚመሩት አያ ወልዱ ናቸው። አሁን ጠብ ይነሣል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወደ ክፍቱ ቦታ ዞር ብለው «በል፣ አሸነፍከን» አሉ። አንድም ሰው አልሳቀም።

ስንበተን በኪሮስ በኩል እማማን ጠየቅኳቸው፤ ሰኞ ዕለት አለሁ ያሉት እርስዎ ነዎት?

«እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ምን እንደሚል እየጠበቅኩ ነበር።»

ሐሙስ

አስተባባሪያችን ወይዘሮ አልማዝ ከባሕር ዳር ደወለች፤ ነገሩን ነገርኳት። ሲሳይን ካወጣሁት መንደሩ እኩል ለእኩል ይሆናል፤ እኩል የሆነ ደግሞ «አልተስማማም» ተብሎ ከማጠቃለያው ይወጣል። የሠላሳ ስድስት ሰው ሐሳብ ሜዳ ቀረ ማለት ነው። «በልጁ ፈንታ እናቱን አስገቢያቸዋ» አለችኝ። ኪሮስ ደውሎ ጠየቃቸው። እምቢ አሉ። እኔን ካስገባችሁ እሱን ቀበራችሁት ማለት ነው አሉ።

ቅጂውን ለወይዘሮ አልማዝ ላክሁላት። ወዲያው መልሳ ደወለች። «በደንብ ይሰማል እኮ! ሰውየው አለ። ፈርመሽ ላኪ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ዓርብ

ምንም አልሠራሁም። ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፦ «ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ በአካል መገኘታቸውን አረጋግጣለሁ።» ሦስት ጊዜ ብዕር አነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። በአካል የምትለዋ ቃል ናት የያዘችኝ።

ቅዳሜ

እማማ ጥሩ መጡ። ኪሮስ አንድ ድምፅ እንዳለ ሹክ ብሏቸው ኖሯል። ከመንደር በእግራቸው ነው የመጡት። ኪሮስ ሊያስተረጉም አጠገባቸው ቆመ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ሰሙ። ድገሚልኝ አሉ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ እንባ ነበር የጠበቅኩት።

«አይደለም» አሉ። «የሲሳይ አይደለም።»

ኪሮስ አቀረቀረ። ያለቀ ነገር መሰለኝ፤ ሃያ ሦስተኛውን ስም ልሰርዝ ብዕሬን አነሣሁ። እጄን ያዙኝ። ጠንካራ እጅ አላቸው።

«ምን ልታደርጊ ነው? የሌላ እናት ልጅ ነው። ስሙን የሚጠራለት ቢያጣ በልጄ ስም አለሁ አለ። ተይው፣ አትሰርዢው። የኔንም ልጅ ሌላ አገር አንዷ እናት እንዲህ ይዛልኝ ይሆናል።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ፈረምኩ። ሠላሳ ሰባት።

ሰኞ ወደ ጽጽቃ በኩል እንሄዳለን፤ የስም ዝርዝሩ ደርሶኛል። እፈራለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ትንሽ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።