ቀይ ካርድ የተለጠፈበት መኪና

ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ
የካቲት 7 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ከሊፋ፣

የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ሰፈሩም ደህና ነው። ብርዱ ለቀቅ አድርጎናል፤ አቧራው ግን ብሶበታል። ሰንጋ ተራ በኩል የሚፈርሰውም የሚገነባውም ሁሉ መጥቶ የሚያርፈው እኛ ጨርቅ ላይ ነው። ነጭ ስንቆርጥ በሩን ዘግተን ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርሱልህ ሐጂ ነስረዲን ናቸው፤ ከመስጊዱ ማዶ ሻንጣ የሚሸጡት። ለዑምራ እንደሚሄዱ ስሰማ ጅዳ ላይ እንዲፈልጉህ ለመንኳቸው። “በስልክ አትነግሪውም ወይ?” አሉኝ። በስልክማ አንተ “ሥራ እንዴት ነው?” ትለኛለህ፣ እኔ “ደህና ነው” እልሃለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆራረጣል። ይኸው ስንት ዓመት የተነጋገርነው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ሥራው እንዴት እንደሆነ በደንብ ልንገርህ።

ባለፈው ክረምት የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍተን ልናስረክብ ተቀብለን ነበር። አልደረስንም። መስከረም ሲጠባ ግማሹ ገና ጨርቅ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ ድምፃቸውን እየሰማሁ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ሰው መጥቶ የቀረውን ጨርቅ አስጭኖ ለሌላ ሰፊ ወሰደው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ለሁለተኛው መንፈቅ የስፖርት ልብስ እንደሚያሰፉና እሱን በቀኑ ካስረከብን እንደሚቀጥሉ፣ ካልሆነ ግን በዚሁ እንደሚበቃን ነግሮኝ ሄደ። ያን ሰሞን ሱቁን ልዘጋው አስቤ ነበር። እንዳልዘጋው ያደረገኝ ዘግቼው የት እንደምውል አለማወቄ ነው።

ጥቅምት ላይ ከጥቃቅንና አነስተኛ ቢሮ ካይዘን ስለሚሉት የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ የሚያስተምር አሰልጣኝ መጣልን። ፍሰሐ ይባላል፣ ገና ልጅ እግር ነው። አንድ ጧት ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ አየን። እኔ ስንፍናችንን ሊቆጥር የመጣ መስሎኝ መርፌው እጄን ወጋኝ። ሲጨርስ ግን እንዲህ አለ፦ “እናንተ ሰነፎች አይደላችሁም፤ ውሏችሁን የሚበላው ፍለጋ ነው።”

እውነቱን ነው። መቀሱ የት ሄደ፣ ሜትሩን ማን ወሰደው፣ ሰማያዊው ክር ከየትኛው ፌስታል ውስጥ ነው፤ ቀናችን እንዲህ ነበር የሚያልቀው። በማግስቱ ያለንን ሁሉ ግቢ አስወጣን። ስንት ጉድ ወጣ መሰለህ፤ የተሰበረ ካውያ፣ ባለቤቱ ረስቶት የቀረ ሱሪ፣ ለትራስ ይሆናል እያልኩ ያከማቸሁት ቅዳጅ። የምንሠራበትን መልሰን አስገባን፤ የማንሠራበት ላይ እሱ ቀይ ካርድ ለጠፈበት። ለመቀስ ግድግዳ ላይ ምስማር መታልን፣ ክሩን በየቀለሙ መደርደሪያ ላይ አስደረደረን።

ከዚያ በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃኑ ጥሩ በሆነበት፣ ልብስ የለበሰውን የስፌት መኪናህን አየ።

“ይሄ መኪና ይሠራል?” አለኝ።

“ይሠራል፤ ዘይት አጠጣዋለሁ።”

“ማን ነው የሚሠራበት?”

“ባለቤቴ።”

“የት ናቸው?”

“ጅዳ።”

ልብሱን ገለጥ አድርጎ መኪናውን አየው። ከዚያ ካርዱን ለጠፈበት። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ካርዱ ጣሉት ማለት አይደለም፣ ወይዘሮ መይሙና። ወስኑበት ማለት ነው” አለኝ።

ካርዱን ላስነሳው ፈልጌ ነበር፤ አላስነሳሁትም። እስኪ ይቆይ ብዬ ተውኩት።

ሥራውንም ለወጠልን። ቀድሞ እንደምታውቀው ክብ ሠርተን ፊት ለፊት እየተያየን፣ እያንዳንዳችን አንዱን ልብስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነበር የምንሰፋው። እሱ በረድፍ አስቀመጠን። እኔ እቆርጣለሁ፣ ከፊቴ ዙሃራ ኮሌታና እጅጌ ትገጥማለች፤ ዙሃራን አታውቃትም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች የወሎ ልጅ ናት። ቀጥለው ሁለት ሴቶች አሉ፣ መጨረሻ ላይ እትዬ ቦሰና ቁልፍ ትተክላለች። ሥራው ወዲያው ፈጠነ፤ አልዋሽህም፣ በሦስት ቀን የምንሰፋው በአንድ ቀን እያለቀ ገረመን። ግን ሱቁ ጸጥ አለ። ከጧት እስከ ማታ የማየው የዙሃራን ጀርባ ሆነ። አንዷ ወሬ ብትጀምር ሌላዋ ዞራ መስማት አለባት፤ ስትዞር ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ማንም አይጀምርም። የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ እትዬ ቦሰና ቀረች። እግሬን አሞኛል ብላ ላከች። ሳምንት ሲያልፍ ልጠይቃት ሄድኩ፤ ቤቷ እዚያው ከልደታ ማርያም ጀርባ ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች፤ እግሯ ምንም አልሆነም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። “መይሙና፣ እቤቴም ብቻዬን ነኝ። እዚያም መጥቼ ብቻዬን ከሆንኩ ምን አደክመኝ?” አለችኝ።

እኔም ሱቅ የምመጣው ለዚያው አይደለም ወይ?

ለፍሰሐ እንዳለ ነገርኩት። አላሾፈብኝም። ክፍሉን በእርምጃው እየለካ ትንሽ አሰበና ረድፉን በፈረስ ኮቴ ቅርፅ እናጥፈው አለ፤ ለጠባብ ክፍል መጀመሪያውኑ እንዲያ ነበር የሚሻለው፣ እኔ ነኝ የቸኮልኩት ብሎ ጥፋቱን ራሱ ወሰደ። ሥራው እንደ ረድፉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ እኛ ደግሞ እንደ ድሮው እንተያያለን። እትዬ ቦሰና በማግስቱ መጣች፣ አንደበቷም አብሮ መጣ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ኮቴው የሚታጠፈው መስኮቱ ጋ ነው፤ ያንተ መኪና ያለበት። እዚያ የሚቀመጥ አንድ ሰፊ ካላገኘን ሥራው እዚያ ላይ እንደሚከማች ፍሰሐ ነገረኝ፤ መከማቸቱንም በዓይኔ አየሁት።

ያኔ ደግሞ ከእናንተ ዘንድ ሰው እየተመለሰ በየቀኑ ቦሌ የሚራገፍበት ሰሞን ነበር። እኔ መጋረጃ አጠብኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ። አንተ ደውለህ መኖሪያ ፈቃድ ስላለህ እንደማይነኩህ ነገርከኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩህ፤ ከልቤ ነው። መጋረጃውን ግን መልሼ ስሰቅል እጄ ከበደኝ።

ታኅሣሥ ላይ አንዲት ልጅ በር ላይ ቆመች። ሳሚያ። ከተመላሾቹ ናት፤ አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዛለች። “የጅዳው ልብስ ሰፊ ከሊፋ ነው የላከኝ፤ መይሙና ሥራ አትከለክልሽም ብሎኛል” አለችኝ። ስምህን ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆይቼ ስለነበር ቁጭ በይ ማለቱን እንኳ ረሳሁት።

ሻይ አስመጣሁላትና ስላንተ ጠየቅኳት። የእመቤቷን ልብስ ልታሳጥር ሱቅህ ትመላለስ እንደነበር፣ ደንበኛ ሲጠፋ ስፌት እንዳስተማርካት፣ ጠጉርህ ገባ ገባ እንዳለ፣ ሱቅህም ሞቅ ያለ እንደሆነ ነገረችኝ። ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ፊቴን ስታይ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጣ አቀረቀረች። እባክህ አትቀየማት፤ ክፋት የላትም፣ የማውቅ መስሏት ነው። እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፣ መለሰችልኝ፣ ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ያን ነገር እዚህ አልጽፈውም።

በዚያው ቀን መኪናህን ልብሱን ገፈፍኩት። ቀዩን ካርድ ሳነሳው ሙጫው እንጨቱ ላይ ቀረ፤ በጋዝ ጠርጌ አስለቀቅኩት። ሳሚያን እዚያ አስቀመጥኳት። የምጽፍልህ ለማስፈቀድ አይደለም፤ ሆኗል፣ እንድታውቀው ብዬ ነው። እጇ ያንተን ይመስላል። ጠርዝ ስታዞር እንዳንተ ጨርቁን በአውራ ጣቷ ትገፋዋለች። መጀመሪያ አካባቢ ቀና ባልኩ ቁጥር ደነገጥኩ፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

የስፖርት ልብሱን ቀኑ ሳይደርስ አስረከብን። የትምህርት ቤቱ ሰው አንዱን አንስቶ ስፌቱን ሳብ ሳብ አድርጎ አየና የመጪውንም ዓመት ዩኒፎርም እኛው እንድንይዘው ነገረን። እትዬ ቦሰና እልል አለች፤ ዙሃራ አለቀሰች። ፍሰሐም መጥቶ ነበር፤ ለሌሎች ሰልጣኞች እንዲያሳይ ሱቁን በስልኩ ፎቶ አነሳው።

እና ሥራው ደህና ነው፣ ከሊፋ። ያለወትሮው ደህና ነው። ድሮ ስንፈልግ ስናነሳ ይመሽብን ነበር፣ ከመግሪብ በኋላም በሩ አይዘጋም። አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታው ላይ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የቀረ ሥራ የለም። ሴቶቹ ቻው ብለውኝ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እኔም በጊዜ እገባለሁ። በጊዜ ገብቼ ምን እንደማደርግ ግን ፍሰሐ አላስተማረንም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ሬዲዮ ከፍቼ እሰማለሁ። አንዳንዴ ሳሚያን እራት እዚህ ብዪ እላታለሁ፤ ይሉኝታ ይዟት ትንሽ ቀምሳ ትሄዳለች።

እንግዲህ ከአሁን በኋላ ስትደውል ስለ ሱቁ አትጨነቅ። በየወሩ መደወሉም ካስቸገረህ ለዒድ ለዒድ ይበቃል። ቅያሜ የለኝም። ያለኝን ቅያሜ ለአላህ ነግሬ ጨርሻለሁ።

ሐጂ የሚሰጡህ ጥቅል ውስጥ ላይኛው ያንተ ሸሚዝ ነው፤ ልክህ ካልተለወጠ ይሆንሃል። ከሥሩ ያለው ትንሽ የልጅ ቀሚስ ነው። እኔ ቆረጥኩት፣ ዙሃራ ኮሌታውን ገጠመችው፣ እትዬ ቦሰና ቁልፉን ተከለችው። የሰፋችው ሳሚያ ናት፤ ልኩንም በግምት የነገረችኝ እሷው ናት። ታችኛውን እጥፋት ወፈር አድርጌዋለሁ። ልጅ ቶሎ ያድጋል፤ ሲያጥርባት እናቷ ትልቀቅላት።

አላህ ያሳድግላችሁ።

መይሙና