በር የያዘው ዋንጫ

ይድረስ ለልጄ ለዊልኪን፣

እመቤታችን አልታግራሲያ ክንድህን ትጠብቅልኝ፤ አንተ እንደሁ አልጠበቅከውም። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ ዶሮዎቹ ግን የጎረቤታችንን የኔሬይዳን ጓሮ መጫር አልተውም።

የቅዳሜውን የቤዝቦል ጨዋታህን ሰፈሩ ሁሉ እኛ ሳሎን ተጠቅጥቆ በቴሌቪዥን አየ። እስከ ሰባተኛው ዙር የወረወርከውን ኳስ በዱላው የመታ ተጋጣሚ አልነበረም። ኔሬይዳ «ኧረ እስካሁን እኮ አንድም...» ስትል አጎትህ «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! ልታሟርቺበት ነው?» ብሎ አፏን በእጁ ከደነው።

እኔ የማየው ክርንህን ነበር። በወረወርክ ቁጥር እጅጌህን ትጎትታለህ። አባትህም ወርዋሪ ሳለ እንዲሁ ይጎትት ነበር፤ ይኸው ዛሬ ክንዱ አልነሳ ብሎት ፀጉሩን የማበጥርለት እኔ ነኝ።

ያናደደኝ ደግሞ እዚያ ባሕር ማዶም ልማዱ ያው መሆኑ ነው! ወርዋሪ እንዲህ ሲቀናው ያናገረው ሰው ዕድሉን ይሰብርበታል ብለው፣ አሰልጣኝህም ጓደኞችህም አግዳሚው ጥግ ላይ ብቻህን ተዉህ። ታዲያ «አመመህ ወይ?» ብሎ ማን ይጠይቅህ? አንተም በዩኒቨርሲቲዎቹ ሊግ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ልትባል ስለሆነ ሕመሙን ዋጥ አደረግከው።

የወሩ ምርጥ ተብለህ የተሸለምከው ዋንጫ ደርሶናል። አጎትህ መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል ቀማሁትና የጓሮውን በር ነፋስ እንዳይዘጋው አስደገፍኩበት። ለአሰልጣኝህ ሕመምህን የነገርክ ቀን ከዚያ አነሳዋለሁ።

እባክህ ልጄ፣ ዛሬውኑ ንገረው። ሽበትህን በገዛ እጅህ ለማበጠር ያብቃህ።

እናትህ ኤኔሪያ