የሆራውን በር ይከፍቱ የነበሩት አቶ ዘይነዲን ጫሊ

የቱሉ ገርባ የዱር አራዊት ጥበቃ ጣቢያ ባልደረባ አቶ ዘይነዲን ጫሊ በሳምባ ሕመም በጎባ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም. አርፈዋል። የጣቢያው ሠራተኞችና የፈረስ አከራዮች በሞታቸው እጅግ አዝነናል።

አቶ ዘይነዲን በ1963 ዓ.ም. በጥበቃ ሠራተኝነት ተቀጠሩ። የደጋ አጋዘን መንጋ የት እንደሚውል፣ ቀይ ቀበሮ የት እንደሚወልድ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረንም።

በ1967 ዓ.ም. ከሮቤና ከጎባ የሚመጣው ጎብኚ በአገሬው ፈረስ ወደ ተራራው እንዲወጣ፣ ባለፈረሶቹም በተራ እንዲሠሩ አደረጉ። ተራው የተዘለለበት ሰው አቤቱታውን ይዞ የሚሄደው ወደ እሳቸው ቤት ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ጣቢያው ከብትና አጋዘን የሚጠጡትን የማዕድን ውሃ፣ ሆራውን፣ በእሾህ ሽቦ አጥሮ ከብት እንዳይገባ ከለከለ። አቶ ዘይነዲን ጉዳዩ በተመከረበት ስብሰባ ላይ «ከብቱ ከሆራ የተከለከለበት ሰው አጋዘን አይጠብቅላችሁም» ማለታቸው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። የሚሰማቸው ሲጠፋ ጠዋት ጠዋት በሩን ለከብት ይከፍቱ ጀመር። በዚህም ምክንያት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ቁልፉንም ተነጠቁ።

በ1973 ዓ.ም. በሽቦው ተጠላልፈው የሞቱ አራት አጋዘኖች ተገኙ። አዳኝ ሲገባ ይጠቁመን የነበረው ባለከብት መጠቆሙን ተወ። ጎብኚውም አጋዘን ሳያይ ይመለስ ጀመር።

በ1974 ዓ.ም. ሽቦው ተነሥቶ አጋዘን በሚዘለው ዝቅተኛ የእንጨት አጥር ተተካ። ጠዋት ለከብት፣ ከቀትር በኋላ ለአራዊት የሚለው የአቶ ዘይነዲን ሐሳብ ደንብ ሆነ። መንጋው ተመለሰ፤ ጎብኚውም ተከተለ። ቁልፉ ተመለሰላቸው። ማስጠንቀቂያው ግን በፋይላቸው ውስጥ ቀረ።

እንዲነሣላቸው ሦስት ጊዜ አመለከቱ። ባለፈው ኅዳር የጻፉት የመጨረሻው ማመልከቻ «ልጆቼ ወረቀቴን አይተው አባታችን አጥፊ ነበር እንዳይሉ» ይላል። መልስ አልሰጠናቸውም። ጥፋቱ የጣቢያው ነው።

ማስጠንቀቂያው ትናንት በተደረገ ስብሰባ ተሽሯል። የመሻሪያው ደብዳቤ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዙቤዳ ይሰጣል። ሊደርስ የሚገባው ግን በራሳቸው በአቶ ዘይነዲን እጅ ነበር።

ለወይዘሮ ዙቤዳ፣ ለልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ተራራ ለወጡት ፈረሰኞችና ባልደረቦች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ነገ ዓርብ ጉብኝት አይኖርም። ሆራው ግን ጠዋት ለከብት ክፍት ነው። ቁልፉን ወይዘሮ ዙቤዳ ሳንጠይቃቸው ልከውልናል።

የቱሉ ገርባ የዱር አራዊት ጥበቃ ጣቢያ
ጥር 16 ቀን 1977 ዓ.ም.